ከገደሉ በላይ የሚያልፍ ድምፅ፦ ስለ አማተር ሬዲዮ ማኅበርተኞች

እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁና «ምን አውቅልህ» በሉኝ። ጎጃም ውስጥ ይጁቤ ላይ ያለ ሰው በሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ዘረጋ፤ ትንሽ ሬዲዮ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘና በ14 ሜጋኸርዝ ተጣራ። ከጣሊያን መልስ መጣለት። ጥቂት ቆይቶ ሕንድም መለሰለት። በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ200 ኪሎ ሜትር የማትበልጠው አዲስ አበባ ግን ቃሉን ጨርሶ አልሰማችም። ለምን?

የዚህ መልስ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ጠባይ፣ የጎጃም ምድር አቀማመጥና በመላው ዓለም የተዘረጋ የአንድ ማኅበር ታሪክ አብረው አሉ። ስለ አማተር ሬዲዮ ክበቦች ስናገር ልቤ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ የትምህርትም የወዳጅነትም መሰብሰቢያ አላውቅም።

እነማን ናቸው?

አማተር ሬዲዮ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ የታወቀ አገልግሎት ነው። ዓላማዎቹ ሦስት ናቸው፦ ራስን ማስተማር፣ እርስ በርስ መገናኘት፣ ቴክኒክ መመርመር። ገንዘብ መሥሪያ ማድረግ አይቻልም። አማተሮች ሙዚቃ አያሰራጩም፣ ማስታወቂያ አይሸጡም፣ ዜና አያነቡም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። አንዳንዱ በድምፅ፣ አንዳንዱ በሞርስ ነጥብና ሰረዝ፣ አንዳንዱም ከሬዲዮው ጋር በተያያዘ ኮምፒውተር ይገናኛል።

ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ ሰው የራሱ የጥሪ መለያ ይሰጠዋል። በዓለም ላይ ሌላ ማንም ያንን መለያ አይዝም፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት የሰማ ሁሉ ሰውየው ከየት አገር እንደሚናገር ያውቃል። የኢትዮጵያ መለያ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። በአውሮፕላኖቻችን ላይ የምታዩት የምዝገባ ምልክትም እንደዚሁ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ የነበረው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም መለያው ኢቲኤልኤፍ ነበር።

አማተር መገናኘት ሲፈልግ «ሲኪው» ብሎ ይጣራል፤ የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ ማለቱ ነው። አገራችን ላይ ገበሬ ከአንዱ ተረተር ሆኖ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ሰው ስም ሳይጠራ «ኧረ የሰማህ!» እንደሚለው ነው። የሰማ ይመልሳል፤ መለያ ይለዋወጣሉ፣ ድምፁ ምን ያህል ጠርቶ እንደደረሰ ይነጋገራሉ። ሲሰነባበቱ «73» ይባባላሉ፤ ከቴሌግራፍ ዘመን የተወረሰ የመልካም ምኞት ቁጥር ነው።

የእንቆቅልሹ ፍቺ

ከምድር በላይ ከ250 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላችው ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል አካል ነው። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሄዶ ይህን ንብርብር ሲያገኝ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። የት እንደሚወርድ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሞገዱ ድግግሞሽና ከአንቴናው የወጣበት ማዕዘን።

ከፍ ብሎ የተሰቀለ የ14 ሜጋኸርዝ አንቴና ጉልበቱን በአብዛኛው ወደ አድማስ ተጠግቶ ይልካል። ሞገዱ ርቆ ሄዶ፣ ታጥፎ፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይወርዳል። በምድር ላይ ተጠግቶ የሚሄደው ድምፅ ደግሞ ተራራና ገደል ይዘውት ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። በሁለቱ መካከል ከምድርም ከሰማይም ምንም የማይደርስበት ቀለበት ይቀራል። አዲስ አበባ የወደቀችው በዚያ ቀለበት ውስጥ ነው።

መፍትሔው ሰውን ያስገርማል፤ አንቴናውን ዝቅ ማድረግ ነው። ወደ 7 ሜጋኸርዝ ውረዱና ርዝመቱ በድምሩ 20 ሜትር የሆነ ሽቦ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ሜትር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። ጉልበቱ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አዮኖስፌሩም መልሶ በዙሪያችሁ ባሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ ያወርደዋል። ቀን ላይ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ነቀምት ሁሉም በዚህ ክበብ ውስጥ ይገባሉ። ሲመሽ አዮኖስፌሩ ስለሚሳሳ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ መውረድ ያስፈልጋል፤ ሽቦውም በዚያው ልክ እጥፍ ይረዝማል።

ይህ ለጎጃም ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከይጁቤ በስተደቡብ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ሸለቆው በየቦታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። የእጅ ሬዲዮና የሞባይል ማማ የሚጠቀሙበት ሞገድ ቀጥታ እይታ ስለሚፈልግ ገደል ያሸንፈዋል። ከላይ የሚመጣው አጭር ሞገድ ግን ከገደሉ ጋር ትግል የለውም፤ በላዩ ያልፋል፣ እታችም ይወርዳል።

ተራራውም ቢሆን ሁልጊዜ እንቅፋት አይደለም። የጎጃሙ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዙሪያው 1,600 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው የሬዲዮ አድማሱ በስሌት 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ ላይ የወጣ ክበብ በትንሽ የእጅ ሬዲዮ ሳይቀር ብዙ ወረዳ ሊያዳርስ ይችላል።

አምስት ኪሎ ያለው ጣቢያ

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ለውጭው ዓለም ተናግረዋል። ያንን ድምፅ ባሕር ያሻገረውም ይኸው አዮኖስፌር ነው።

አማተሮቹም በኋላ መጡ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን የአስመራዎቹ መለያ «ኢቲ 2» ብሎ ይጀምር ነበር፤ በቃኘው የጦር ሰፈር የነበሩ አሜሪካውያን አማተሮች በዚህ መለያ በዓለም ዙሪያ ይታወቁ ነበር። አዲስ አበባና ሌላው የአገሪቱ ክፍል ደግሞ «ኢቲ 3» ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ከኢትዮጵያ የሚወጣ የአማተር ድምፅ ለብዙ ዓመታት እምብዛም የማይሰማ ሆነ። ኤርትራም ነፃነቷን ስታውጅ የራሷን መለያ «ኢ 3»ን ያዘች።

ዛሬ የዚህ ሙያ ቤት አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ እዚያ አለ፤ መለያው ኢቲ 3 ኤኤ ነው፣ በሬዲዮ ቋንቋ «ኢኮ ታንጎ ትሪ አልፋ አልፋ»። ማኅበሩ በዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ውስጥ አገራችንን ይወክላል። ይህ ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ ነው፤ የዓለም አማተር ሬዲዮ ቀን በየዓመቱ ኤፕሪል 18 የሚከበረውም ያንን ምሥረታ ለማሰብ ነው።

በአምስት ኪሎው ጣቢያ የምሕንድስና ተማሪዎች በመጽሐፍ የተማሩትን በጆሯቸው ይፈትናሉ። ልምድ ያላቸው አማተሮች ከውጭ አገር እየመጡ አብረዋቸው ሠርተዋል። ጣቢያውም በታላላቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ተሰምቷል። ኢትዮጵያ በአየር ላይ ብዙ ድምፅ ስለሌላት ኢቲ 3 ኤኤ ብቅ ባለ ቁጥር ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የሚጣሩት እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። አማተሮች የዓለምን አገሮችና ደሴቶች በ340 መዝገቦች ከፍለው እያንዳንዱን ለማግኘት ዕድሜ ልካቸውን ይደክማሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አንዷ ናት። አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ ማይክሮፎን ሲጫን ሩቅ አገር ያለ ሽማግሌ ለዓመታት የጠበቃትን አገር ያገኛል።

ሲሰበሰቡ ምን ይሠራሉ?

ሬዲዮ የብቸኛ ሰው ሥራ የሚመስላቸው አሉ። ሕይወቱ ያለው ግን በመሰብሰቡ ነው።

ከስብሰባዎቹ ትልቁ ውድድር ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ የሚካሄደው የዓለም አቀፍ የድምፅ ውድድር 48 ሰዓት ሙሉ ይቆያል፤ በኖቬምበር ደግሞ በሞርስ ይደገማል። እያንዳንዱ ጣቢያ ለሌላው የድምፁን ጥራትና ያለበትን ቀጠና ይነግረዋል። ኢትዮጵያ ያለችው በ37ኛው ቀጠና ስለሆነ የእኛ ልጆች «59፣ 37» ይላሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይመዘግባል፣ ሦስተኛው ቡና ያፈላል፣ አራተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ የትኛው ሞገድ መዛወር እንደሚሻል ያሰላል። ሌሊቱን በፈረቃ ያነጋሉ። ከዚህ ውድድር የወጣ ልጅ በጫጫታ መካከል አንዲት ደካማ ድምፅ ለይቶ መስማትን ተምሮ ይወጣል።

ሁለተኛው የመስክ ቀን ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1933 ጀምሮ በሰኔ ወር ይከበራል፤ በአውሮፓም ተመሳሳዩ አለ። ክበቡ ጣቢያውን ተሸክሞ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ኮረብታ ይወጣል። ድንኳን ይተክላል፣ ሽቦ ይሰቅላል፣ መብራት ኃይልን ረስቶ በባትሪና በሶላር ይሠራል። ቀኑ በዓልም ነው፣ ለክፉ ቀን ልምምድም ነው።

ሦስተኛው ለእኛ አገር የተፈጠረ እስኪመስለኝ ድረስ የምወደው ነው፤ የሬዲዮ አደን ይባላል። አምስት ትናንሽ ማሰራጫዎች በጫካ ውስጥ ይደበቃሉ። እያንዳንዱ በተራ ለአንድ ደቂቃ ምልክት ይሰጣል፣ በአምስት ደቂቃ ዙሩ ይሞላል። ተወዳዳሪው በእጁ አቅጣጫ ለይቶ የሚቀበል አንቴና ይዞ፣ ካርታ እያየ፣ እየሮጠ ያድናቸዋል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1980 በፖላንድ ተካሂዷል። አንቴናው ከፕላስቲክ ቱቦና አናጢ ከሚለካበት የብረት ሜትር ቁራጭ ይሠራል፤ ካውያ መያዝ የሚችል ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ሯጭ በሞላበት የደጋ አገር፣ ከባሕር ዛፍ ጫካ መካከል፣ እግርና አእምሮ እኩል የሚፈተኑበት ስፖርት ነው።

አራተኛው ገበያው ነው። በጀርመን ፍሪድሪክስሃፈን ከተማ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1952 ጀምሮ በየዓመቱ አማተሮች ከየአገሩ ይሰበሰባሉ፤ አሮጌ ሬዲዮ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ፣ ትምህርት ይሰጣሉ። በአየር ላይ ለዓመታት ድምፁን ብቻ የሚያውቁትን ወዳጅ በአካል የሚያቅፉትም እዚያ ነው። ይጁቤ የሩቅ ሰው መገናኛ መሆንን አሳምራ ታውቃለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአካባቢዋ የነበረው የባሶ ገበያ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከግቤ ማዶ የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ያመጡበት ነበር። ያ ንግድ ሰውንም የሸጠ መሆኑ አይረሳም። ወሬ ግን ከጭነቱ ጋር ወንዝ ይሻገር ነበር፤ የሩቅ አገር ነገር የሚጠየቀውም እዚያው ነበር።

በላያችን ያለው ሰማይ

አማተሮች የራሳቸው ሳተላይት አላቸው ብል ታምናላችሁ? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ወደ ሰማይ የወጣው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል 2 የአማተሮችን መሣሪያ ተሸክሟል፤ ኦስካር 100 ይባላል። ከምድር ጋር እኩል እየዞረ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቋሚ ሆኖ የሚታይ የመጀመሪያው የአማተር መገናኛ ነው። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ ሰዎች በእርሱ ይነጋገራሉ።

የእኛ ዕድል ደግሞ ልዩ ነው። ከይጁቤ ሲታይ ይህ ሳተላይት በደቡብ ምዕራብ በኩል ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከአናት ጥቂት ወረድ ብሎ ይገኛል። ተራራም ዛፍም አይጋርደውም። የሚናገርበት ሞገድ 10,489 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ በየጣሪያው ያለው የቴሌቪዥን ዲሽና ኤልኤንቢ ሊቀበሉት ይችላሉ። ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያና ኮምፒውተር ሲጨመር የአህጉራት ጭውውት ሳሎን ውስጥ ይገባል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም በላያችን ያልፋል። ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ጠፈርተኞች እዚያ ባለው የአማተር ሬዲዮ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይነጋገራሉ፤ ወደ ምድር የሚናገሩት በ145.800 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ ማለፊያ ከአሥር ደቂቃ ገደማ አይበልጥም፤ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ግን የዓመት ወሬ ይሆናል።

ሳይንሱም ከደጃችን ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ በላያችን ያለው አዮኖስፌር በዓለም ከሚጠኑት ሳቢ ከሆኑት አንዱ ነው። የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሚለካውም የምድርን መግነጢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ጆ ቴይለር ራሳቸው አማተር ናቸው፤ በጣም አነስተኛ ጉልበት ያለው ምልክት የት የት እንደደረሰ በራሱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርተው ለሁሉም በነፃ ሰጥተዋል። በዚህ ፕሮግራም የጎጃም ክበብ በየቀኑ የሚመዘግበው መረጃ ለተመራማሪዎች ዋጋ ይኖረዋል።

ክፉ ቀን ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የሱናሚ ማዕበል የሕንድ ውቅያኖስን ሲመታ በአንዳማን ደሴቶች የነበሩ የሕንድ አማተሮች ወሬውን ወደ ዋናው ምድር አሻገሩ። የሄዱት ለአደጋ ብለው አልነበረም፤ ብርቅ ከሆነ ቦታ ለመናገር የተዘጋጀ የክበብ ጉዞ ላይ ነበሩ። ስልኩ ሲቋረጥ አንቴናቸው ቆሞ ነበር፤ በጣቢያው የተቀመጡትም መልእክት በሥርዓት መቀበልና ማስተላለፍ የለመዱ ሰዎች ነበሩ። የደሴት ነዋሪ ደኅንነት በእነርሱ በኩል ለቤተሰቡ ደረሰ። የክበብ ጨዋታ ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው፤ በሰላም ቀን ለደስታ የተለመደው በችግር ቀን ሰው ይረዳበታል።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ሕጉን። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማሰራጫ ለማስገባትም ሆነ ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖር ማይክሮፎን መጫን የለም፤ ጥሩ አማተር የሚታወቀው በዚህ ሥነ ሥርዓት ነው።

ለመስማት ግን ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ ወደ 7 ወይም 14 ሜጋኸርዝ ሂዱና የአውሮፓን አማተሮች አድምጡ። በእንግሊዝ ጉንሂሊ ያለው ደግሞ ያንን የኳታር ሳተላይት ያሰማችኋል። የጥሪ መለያዎችን በደብተር ጻፉ፤ የየት አገር እንደሆኑ ፈልጉ። የሞርስ ፊደላትንም በጆሮ እንጂ በዓይን አትሸምድዱ፤ ነጥብና ሰረዝ እያያችሁ ከተማራችሁ ፍጥነቱ ይከብዳችኋል።

ቀጥሎ ሰው ሰብስቡ። የፊዚክስ መምህር፣ ካውያ የለመደ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሒሳብ የሚወድ ተማሪ፣ መሮጥ የምትወድ ልጅ፤ ክበብ ማለት እነዚህ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ፈቃድ ያለው የክበብ ጣቢያ ቢቆም ተፈጥሯዊ ቦታው እዚያ ይመስለኛል፤ ይጁቤ ያሉ ተማሪዎችም በመስክ ቀን የሚመጡበት ይሆናል። መንገዱን አስቀድሞ የሄደው የአምስት ኪሎው ማኅበር አለና ምክር ለመጠየቅ አትፈሩ። አማተሮች በየትኛውም አገር ለጀማሪ ጊዜ አይሰስቱም፤ እነርሱንም ያስተማራቸው ሌላ አማተር ነውና።

ፈቃዱ የተገኘ ዕለት የመጀመሪያው ሥራ ምን ይሁን ብትሉኝ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሽቦውን ከፍ አድርጋችሁ በ14 ሜጋኸርዝ ሩቅ አገር ጥሩ፤ ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ በ7 ሜጋኸርዝ አምስት ኪሎን ጥሩ። የሁለቱን መልስ በደብተር አስፍሩና አዲስ ለመጣው ልጅ ምክንያቱን አስረዱት። ያንን ያስረዳ ልጅ ፊዚክስን ለፈተና አይሸመድድም፤ ለሚቀጥለው ሰው ያስተምረዋል። ክበብ የሚያድገውም እንዲህ ነው።